በመኪና በር ላይ የተጻፈ ስም

የአውቶሞቢል እሽቅድድም ከሌሎቹ የስፖርት ዓይነቶች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ለሯጭ ሁለት እግር፥ ለዋናተኛ ሁለት ክንድ ይበቃዋል፤ የእግር ኳስ ተጫዋችም ከአንዲት ኳስና ከጓደኞቹ በቀር ብዙ ነገር አይሻም። የመኪና ተሽቀዳዳሚ ግን ገና ወደ ሜዳው ሳይደርስ ገንዘቡ ይፈስሳል። ጎማው በየውድድሩ ይበላል፤ ቤንዚኑ ይነዳል፤ ሞተሩ ይደክማል፤ ካምቢዮው ይሰበራል። በአንድ ቅዳሜ ማታ ከግድግዳ ጋራ የተላተመ መኪና የብዙ ወር ቍጠባ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ በዚህ ስፖርት ታሪክ ውስጥ «መሪውን የያዘው ማን ነው?» ከሚለው ጥያቄ አጠገብ ሁል ጊዜ ሁለተኛ ጥያቄ ይቆማል፤ ይኸውም «ወጪውን የሚችለው ማን ነው?» የሚል ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። ስለ ታላላቅ ፋብሪካዎችና ስለ ከበርቴዎች ብዙ ተጽፏል። እኛ የምንናገረው ግን በሳምንቱ ቀናት እንጀራውን በሌላ ሥራ እያገኘ በዕረፍቱ ቀን ለፍቅሩ ሲል ስለሚሽቀዳደመው አማተር ነጂ፥ እንዲሁም ጎማ ወይም ቤንዚን ወይም ጥቂት ገንዘብ ስለሚያቀብሉት የአገሩ ትናንሽ ነጋዴዎች ነው። እንዲህ ያለውን ደጋፊ ዛሬ ብዙ ሰው ስፖንሰር ይለዋል። አንባቢ እንዳይደናገር፥ በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፈ መሆኑን አስቀድመን እንገልጻለን።

የአገር ቀለምና የነጋዴ ስም

በአውሮፓ የመኪና ውድድር ሲጀመር ነጂዎቹ በአብዛኛው ባለጸጎች ወይም በፋብሪካ የተቀጠሩ ሰዎች ነበሩ። መኪናውም የሚቀባው የአገሩን ቀለም እንጂ የነጋዴ ስም አይጻፍበትም ነበር። የፈረንሳይ ሰማያዊ፥ የጀርመን ነጭ፥ የቤልጅግ ብጫ፥ የኢጣልያ ቀይ ሆነ። እንግሊዞች ደግሞ የጎርደን ቤኔት ዋንጫ ውድድር በ1903 ዓ.ም. በአየርላንድ ሲደረግ አረንጓዴ ቀለም ይዘው ቀረቡ፤ ከዚያ ወዲህም አረንጓዴ መለያቸው ሆኖ ቀረ። ይህም ልማድ ከስድሳ ዓመት በላይ ጸንቶ ቆየ።

ይሁን እንጂ የነጋዴ ገንዘብ ከውድድሩ ፈጽሞ የራቀ ነበር ማለት አይደለም። የቤንዚን፥ የጎማና የካንዴላ ኩባንያዎች ዕቃቸውን ለታወቁ ነጂዎች በነጻ ይሰጡ፥ ድል ላደረገም ጉርሻ ይከፍሉ ነበር። በማግሥቱም አሸናፊው የነርሱን ዕቃ የተጠቀመ መሆኑን በጋዜጣ ያስነግሩ ነበር። ነገር ግን ይህ ጉርሻ የሚደርሰው ላሸናፊ ነው። አሥራ አምስተኛ ሆኖ ለሚጨርስ አማተር ከዚህ ማዕድ የሚተርፈው ፍርፋሪ አልነበረም።

ደጋፊ ያጣው የእንግሊዝ አማተር ችግሩን ያቃለለው ወጪውን በማሳነስ ነው። በ1939 ዓ.ም. የተቋቋመው የ750 የሞተር ክበብ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውስቲን ሰቨን በምትባለው ትንሽና ርካሽ መኪና ላይ የተመሠረተ ውድድር አቆመ። ማንም የእጅ ሙያ ያለው ሰው አሮጌ መኪና ገዝቶ በጓሮው አድሶ ሊሽቀዳደም ቻለ። ኮሊን ቻፕማን የተባለው ወጣት መሐንዲስ በ1951 ዓ.ም. ስሙን ያስጠራው በዚሁ ውድድር ውስጥ ነው። ይህን ስም አንባቢ ያስታውሰው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በአሜሪካ ነገሩ ከመጀመሪያው ሌላ መልክ ነበረው። የኢንዲያናፖሊስ የ500 ማይል ውድድር በ1911 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ እየቆየ መኪናው በደጋፊው ስም መጠራት የተለመደ ሆነ፤ በስሙም መጨረሻ ላይ «ስፔሻል» የሚል ቃል ይጨመር ነበር። እነዚህ ደጋፊዎች ሁሉ የዓለም ስመ ጥሮች አይምሰሉን። በ1955 እና በ1956 ዓ.ም. ያሸነፉት መኪናዎች ባለቤት ጆን ዚንክ በኦክላሆማ ክፍለ ሀገር በተልሳ ከተማ የማሞቂያና የምድጃ መሣሪያ ሥራ የነበረው ሰው ነው። በ1959 እና በ1962 ዓ.ም. ሮጀር ዋርድ ያሸነፈበትን መኪና ያቀረበው በሚልዋኪ ከተማ የነበረ የወረቀት ሥራ ማኅበር ነው። በ1952 ዓ.ም. የ22 ዓመቱ ትሮይ ሩትማን ድል ያደረገበት መኪና ባለቤት ጄ. ሲ. አጋጃንያን በካሊፎርንያ በአሳማ እርባታ ሀብት ያፈራ ሰው ነበረ። የቤት ዕቃ ከከተማ ወደ ከተማ የሚያጓጉዘው የአል ዲን ኩባንያም ስሙ በመኪና ጐን እየተጻፈ ጂሚ ብራያን በ1954፥ በ1956 እና በ1957 ዓ.ም. የአገሩ ሻምፒዮን ሆነ።

ምድጃ የሚሠራ፥ ወረቀት የሚያትም፥ አሳማ የሚያረባ፥ ዕቃ የሚያጓጉዝ ሰው ከመኪና ውድድር ጋራ ምን አገናኘው? መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ ስፖርቱን ይወድ ነበር። ሁለተኛ ስሙ በሕዝብ ፊት ሲሮጥ ደስ ይለዋል፥ ገበያውም ይጠቀማል። እነዚህ ሁለቱ ምክንያቶች፥ ማለት ፍቅርና ጥቅም፥ ተነጣጥለው ሲገኙ ድጋፉ አይቆይም፤ ተያይዘው ሲገኙ ግን ለብዙ ዓመት ይዘልቃል።

የመንደሩ ሜዳ

ከኢንዲያናፖሊስ ዝቅ ብሎ በየአውራጃው የአፈር ሜዳዎች ነበሩ። በነዚህ ሜዳዎች ላይ በሳምንቱ መጨረሻ ማታ ማታ የሚወዳደሩት መካኒኮች፥ ገበሬዎች፥ የታክሲ ነጂዎችና የሱቅ ሠራተኞች ነበሩ። ተመልካቹም የዚያው አገር ሰው ነበረ። ለትንሹ ደጋፊ ጥቅሙ ያለው እዚህ ላይ ነው። በሚልዮን የሚቈጠር ሰው የሚያነበው ጋዜጣ ለአንድ የሰፈር ጋራዥ ምን ያደርግለታል? ከዚያ ሁሉ አንባቢ መኪናውን ለማሠራት የሚመጣለት የለም። በመንደሩ ሜዳ የተቀመጡት ሁለት ሺህ ሰዎች ግን ሁሉም በጋራዡ ደጅ የሚያልፉ ናቸው። ስለዚህ በመኪናው በር ላይ በእጅ የተጻፈ ስም ለትንሽ ነጋዴ ከትልቅ ጋዜጣ ይልቅ ይረባዋል።

ልውውጡም ዘወትር በጥሬ ገንዘብ አልነበረም። ጎማ ሻጩ ጎማ ይሰጣል፤ ቀለም ቀቢው ቀለም ይቀባል፤ ብየዳ የሚያውቀው ሌሊቱን ተቀምጦ ይበይዳል፤ ምግብ ቤቱ የነጂውን ረዳቶች ያበላል። ነጂው በበኩሉ ስማቸውን በመኪናው ላይ ይጽፋል፤ በገበያ ቀን መኪናውን በሱቃቸው ደጅ አቁሞ ሕዝብ ያሳያል፤ ሽልማት ሲቀበል ስማቸውን ያነሣል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የተነገረ ይመስላል። ለአንድ ነጋዴ ከባድ የሆነው ወጪ ለስምንት ወይም ለአሥር ሲከፋፈል ማንንም አይጐዳም። ከዚህም ሌላ ጥቅም አለው፤ አንዱ ደጋፊ ቢቀር ነጂው ጨርሶ አይወድቅም።

የዚህ ዓይነቱን ግንኙነት ኃይል የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ እንጥቀስ። ናስካር የተባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ማኅበር የተመሠረተው በ1948 ዓ.ም. ነው። ይህ ማኅበር ከመሸጫ ቤት እንደወጡ ባሉ መኪናዎች ብቻ የሚደረገውን የመጀመሪያ ታላቅ ውድድሩን ሰኔ 19 ቀን 1949 ዓ.ም. በሰሜን ካሮላይና በሻርሎት ከተማ አዘጋጀ። ሜዳው አፈር፥ ርዝመቱ የአንድ ማይል ሦስት ሩብ፥ ዙሩ 200፥ ያሸናፊው ሽልማት 2,000 ዶላር ነበረ። በካንሳስ ክፍለ ሀገር ይኖር የነበረው ጂም ሮፐር የውድድሩን ወሬ ያገኘው በጋዜጣ ከሚወጣ የሥዕል ተረት ነው። ታላቅ ፋብሪካ አላወቀውም፤ እርሱም ወደ ታላቅ ፋብሪካ አልሄደም። ከዚያ በፊት ይነዳለት የነበረውን የአገሩን ሰው አነጋገረ። ያም ሰው አምኖት ሁለት የሊንከን መኪናዎች አቀረበለት። መኪናዎቹን ከሺህ ማይል በላይ በመንገድ እየነዱ ሻርሎት ደረሱ።

በውድድሩ ፍጻሜ አንደኛ የገባው ግሌን ደናዌይ ነበረ፤ ሮፐርም ሁለተኛ ሆነ። ነገር ግን መኪናዎቹ ሲመረመሩ የደናዌይ መኪና የኋላ ባሌስትራ ከተፈቀደው ውጭ የተለወጠ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ዘመን ያልተፈቀደ አረቄ በሌሊት የሚያመላልሱ ሰዎች መኪናቸው ጭነት ችሎ እንዲሮጥ እንዲህ ያደርጉ ነበር። ስለዚህ ድሉ ተሰርዞ ለሮፐር ተሰጠ። የመኪናው ባለቤት ማኅበሩን ቢከስም አልረታም። የሮፐርም ሞተር ለምርመራ ተፈታትቶ ስለ ነበር ወደ አገሩ የሚመለስበትን ሌላ ሞተር ያገኘው ከዚያው ከተማ የሊንከን ሻጭ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? ሮፐር ድጋፍ ያገኘው የሚያውቀውን ሰው በመጠየቁ ነው። ያ ሰውም የሰጠው ለማያውቀው ሰው ሳይሆን ሥራውን በዓይኑ ላየለት ነጂ ነው። ከዚህም በላይ ደንብ ጠብቆ የተሠራ መኪና የደጋፊውን ስም በክብር አስጠራ፤ ደንብ የተላለፈው ግን ባለቤቱን እስከ ፍርድ ቤት አደረሰው። ደጋፊ ለነጂው የሚያበድረው ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ገንዘቡ ሳይሆን ስሙ መሆኑን ይህ ያስረዳል።

ደጅ የተዘጋበት ሰው

እስካሁን የተናገርነው ጥሩ ጥሩውን ነው። ነገር ግን ታሪክ እውነቱን ሁሉ መናገር ስላለበት የዌንዴል ስኮትን ነገር ማለፍ አይገባም።

ዌንዴል ስኮት በ1921 ዓ.ም. በቨርጂንያ ክፍለ ሀገር በዳንቪል ከተማ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በወታደርነት አገልግሎ ከተመለሰ በኋላ በመካኒክነት ይሠራ ነበር፤ ያልተፈቀደ አረቄም በሌሊት ያመላልስ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የዳንቪል ሜዳ አዘጋጆች ተመልካች ለመሳብ ብለው ጥቁር ነጂ ፈለጉ። ፈጣን የሆነው ማን እንደሆነ ፖሊሶቹን ሲጠይቁ፥ ፖሊሶቹ ብዙ ጊዜ አሳድደው ያልያዙትን የስኮትን ስም ነገሩአቸው ይባላል። እንዲህ ሆኖ ወደ ውድድር ገባ። በአንዳንድ ሜዳ በቀለሙ ምክንያት ከበር ተመለሰ፤ እርሱ ግን አልተወውም። በ1959 ዓ.ም. በቨርጂንያ በደረጃው ሻምፒዮን ሆነ። በ1961 ዓ.ም. ወደ ናስካር ከፍተኛ ውድድር ሲገባ ዕድሜው አርባ ሊሞላ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር።

ስኮት ሌሎች የተጠቀሙባቸውን አሮጌ መኪናዎች ይገዛል፤ ራሱ ያድሳል፤ ራሱ ይነዳል። በውድድር መካከል ጎማ የሚለውጡለትና ቤንዚን የሚሞሉለት ልጆቹ ነበሩ። ሌሎቹ ነጂዎች በመኪናቸው ላይ የታወቀ የመካኒክ ስም ሲያጽፉ እርሱ በራሱ መኪና ላይ «መካኒክ፦ እኔ» የሚል ጽፎ ነበር። ታኅሣሥ 1 ቀን 1963 ዓ.ም. በፍሎሪዳ በጃክሰንቪል ከተማ ከሁሉ ቀድሞ ጨረሰ። ዳኞቹ ግን ድሉን ለሌላ ነጂ ሰጡ፤ ዋንጫውም ለዚያው ተሰጠ። ከብዙ ሰዓት በኋላ ተመልካቹ ከተበተነ ዙሩ እንደገና ተቈጥሮ ስኮት በሁለት ዙር ቀድሞ እንደ ነበር ታመነ። የድሉ ገንዘብ ደረሰው፤ ዋንጫው ግን በሕይወቱ ሳለ አልደረሰውም። በ1990 ዓ.ም. ዐረፈ፤ በ2015 ዓ.ም. በናስካር የዝና አዳራሽ ስሙ ገባ፤ ማኅበሩም ዋንጫውን ለቤተ ሰቡ ያስረከበው በ2021 ዓ.ም. ነው።

አሁን ቍጥሩን እንመልከት። ስኮት በከፍተኛው ደረጃ 495 ጊዜ ተወዳድሯል። ከነዚህም በ147ቱ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ነጂዎች መካከል ሆኖ ጨርሷል፤ ይህም ከአሥር ውድድር በሦስቱ ያህል ማለት ነው። በአሮጌ መኪና ይህን ያህል የሠራ፥ በየሳምንቱ በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት የሚታይ ሰው፥ በነጋዴ ሒሳብ ቢታሰብ ደጋፊ የሚሻማበት መሆን ነበረበት። እርሱ ግን ለዘለቄታው የሚያቆመው ጽኑ የኩባንያ ድጋፍ ሳያገኝ ከአሥር ዓመት በላይ በራሱ ጉልበት ተሽቀዳደመ። በግንቦት 1973 ዓ.ም. በታላዴጋ ሜዳ በብዙ መኪናዎች ግጭት ክፉኛ ተጐዳ፤ የዘወትር ተወዳዳሪነቱም በዚያው አበቃ።

እንግዲህ ድጋፍ የሚገኘው በሥራ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር ይህን ታሪክ ያንብብ። ደጋፊ የሚመርጠው በዓይኑ የሚያየውን ብቻ ሳይሆን በልቡ የሚያምነውን ጭምር ነው። ልቡ በክፉ ልማድ የተጋረደ እንደሆነ ግን ዓይኑ ያየውን አይቀበልም። ስለዚህ መጥፎ ሒሳብ የሠሩት ስኮትን ያላገዙት ነጋዴዎች ናቸው። በእርሱ መኪና ላይ ስማቸውን ቢያስጽፉ ኖሮ ዛሬ ከእርሱ ጋራ አብረው ይታወሱ ነበር።

ትልቁ ገንዘብ ሲመጣ

ወደ አውሮፓ እንመለስ። እስከ 1967 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ በታላላቁ የግራንድ ፕሪ ውድድር የአገር ቀለም ልማድ የጸና ነበር። በ1968 ዓ.ም. ግን ደንቡ ላላ። በዚያው ዓመት በጥር 1 ቀን በደቡብ አፍሪቃ ግራንድ ፕሪ የአንድ ሲጋራ ቀለም የተቀባ መኪና ታየ። በግንቦት ወር ደግሞ በእስጳኝ ግራንድ ፕሪ የሎተስ መኪና አረንጓዴውን ትቶ የሌላ ሲጋራ ቀይ፥ ነጭና ወርቃማ ቀለም ለብሶ ቀረበ፤ ግራሃም ሂልም ነድቶት አሸነፈ። የሎተስ መሥራችና አለቃ ያ ቀደም ሲል የጠቀስነው፥ በርካሽ አውስቲን ሰቨን ውድድር የጀመረው ኮሊን ቻፕማን ነበረ።

በአሜሪካም ከ1971 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የሲጋራ ማስታወቂያ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር በሕግ ስለ ተከለከለ፥ የሲጋራ ኩባንያዎች ገንዘባቸውን ወደ መኪና ሜዳ አዞሩት። በ1972 ዓ.ም. ሪቻርድ ፔቲ ኤስ ቲ ፒ ከተባለ የዘይት ኩባንያ ጋራ ሲዋዋል፥ ኩባንያው መኪናው በሙሉ ቀይ እንዲሆን ፈለገ። ፔቲ ግን ሕዝብ የሚያውቀውን ሰማያዊ ቀለሙን አልተውም አለ። በመጨረሻ ሁለቱም ቀለም በአንድ መኪና ላይ እንዲሆን ተስማሙ፤ ወዳጅነታቸውም ለብዙ ዓመታት ዘለቀ። የራሱን መልክ ያልሸጠ ሰው በደጋፊው ዘንድ የተናቀ አልሆነም።

የትልቁ ገንዘብ መምጣት ለትንሹ ነጂ በጎም ክፉም ነበረ። በጎነቱ፥ በመኪና ላይ ስም ማስጻፍ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነገር መሆኑ ነው። ክፋቱ ደግሞ ወጪው በጣም መናሩ ነው። ትላንት በጓሮ በታደሰ መኪና ይሽቀዳደም የነበረው ሰው ከባለ ብዙ ሚልዮን ቡድኖች ጋራ መሰለፍ ግድ ሆነበት።

ባለ ዲግሪው ነጂ

በዚህ በከበደው ዘመን ትንሽ ሆኖ ጀምሮ ለትልቅ ደረጃ የበቃው አለን ኩልዊኪ ነው። የእርሱ ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች በተለይ የሚጠቅም ይመስለኛል። ኩልዊኪ በ1954 ዓ.ም. በዊስኮንሲን ክፍለ ሀገር ተወለደ። በ1977 ዓ.ም. ከዊስኮንሲን ሚልዋኪ ዩኒቨርሲቲ በሜካኒካል መሐንዲስነት ተመረቀ። በአገሩ ትናንሽ ሜዳዎች በአማተርነት ሲሽቀዳደም ቆይቶ፥ በሠላሳ ዓመቱ ግድም ያለውን ንብረት አብዛኛውን ሸጦ ወደ ሻርሎት ለመሄድ ተነሣ። ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ፒክ አፕ መኪናው በእሳት ተቃጠለ፤ እርሱም ሌላ ተውሶ ዕቃውን እየጐተተ ሄደ።

በ1986 ዓ.ም. በአንድ መኪናና በሁለት ሞተር ብቻ፥ አንድ የምግብ ቤቶች ድርጅት እየረዳው፥ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ነጂ ተባለ። እየታወቀ ሲሄድ ጁንየር ጆንሰን የተባለው ትልቅ የቡድን ባለቤት የአንድ ሚልዮን ዶላር ደመወዝ አቀረበለት። ኩልዊኪ ግን የራሱን ቡድን አልተውም ብሎ እንቢ አለ። ከዚያም በ1991 ዓ.ም. መጀመሪያ ያለ ደጋፊ ቀረ። ብዙ ሰው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እያለ ሊተርትበት ይችል ነበር።

በመጋቢት 1991 ዓ.ም. በአትላንታ ውድድር ሌላ ነገር ሆነ። ሁተርስ የተባለው የምግብ ቤቶች ኩባንያ የሚደግፈው ሌላ ነጂ ለውድድሩ ሳያልፍ ቀረ። ኩባንያው ስሙን የሚያሳይበት መኪና አጣ፤ ኩልዊኪ ደግሞ መኪና ይዞ ስም አጣ። ስለዚህ ለአንድ ውድድር ብቻ ተዋዋሉ። ኩልዊኪ ስምንተኛ ሆኖ ጨረሰ። አሸናፊ አልሆነም፤ ነገር ግን የተቀበለውን ስም በአግባቡ ይዞ ጨረሰ። የአንድ ቀኑ ውል ተራዘመ። በኅዳር 15 ቀን 1992 ዓ.ም. በዚያው በአትላንታ ሜዳ ኩልዊኪ የዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። የዕለቱን ውድድር ያሸነፈው ቢል ኤሊየት ነው። ነገር ግን ኩልዊኪ ብዙ ዙር ለመራ ነጂ የሚሰጠውን ተጨማሪ ነጥብ አስልቶ 103 ዙር መራ፤ ኤሊየት 102 መራ። ዓመቱም በ10 ነጥብ ልዩነት ለኩልዊኪ ሆነ። በዚያ ቀን በፎርድ ተንደርበርድ መኪናው ላይ ካለው ስም የፊተኞቹን ፊደሎች አንሥቶ «አንደርበርድ» አሰኝቶት ነበር፤ ይህም በእንግሊዝኛ የተናቀውን፥ ያሸንፋል ተብሎ የማይጠበቀውን የሚያመለክት ቃል ነው። ወዮ፥ ደስታው አልቆየም፤ ሚያዝያ 1 ቀን 1993 ዓ.ም. በአይሮፕላን አደጋ ሞተ።

ደጋፊን ማግኘትና ማቆየት

ከላይ ካየነው ታሪክ አራት ነገሮች ለይተን ማውጣት እንችላለን።

አንደኛ፥ ደጋፊ የሚፈለገው ከቅርብ ነው። ሮፐር መኪና ያገኘው ከሚያውቀው ሰው ነው። ለማያውቁት ታላቅ ኩባንያ መቶ ደብዳቤ ከመጻፍ፥ ጎማ ከሚገዙበት፥ መኪና ከሚያሠሩበትና ምሳ ከሚበሉበት ቤት መጀመር ይሻላል። የሚጠየቀውም ነገር ለጠያቂው ከሚቀልለው ሳይሆን ለሰጪው ከሚቀልለው ይሁን፤ ጎማ ሻጭን ጎማ፥ ቀለም ቀቢን ቀለም መጠየቅ ነው።

ሁለተኛ፥ የማይፈጽሙትን ተስፋ አለመስጠት ነው። በውድድር አንድ ሰው ብቻ ስለሚያሸንፍ «አሸንፋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ነጂ አብዛኛውን ጊዜ ሐሰተኛ ሆኖ ይገኛል። ንጹሕ መኪና ይዤ በሰዓቱ እገኛለሁ፥ ስምህ በደንብ ይነበባል፥ በገበያ ቀን መኪናው በደጅህ ይቆማል ማለት ግን በነጂው እጅ ያለ ነገር ነው። ኩልዊኪም ውሉን ያስቀጠለው በስምንተኛነት ነው።

ሦስተኛ፥ ሒሳብ ማቅረብ ነው። ገንዘብ የሰጠ ሰው ገንዘቡ ምን እንደሆነ ቢነገረው ይወዳል። ከየውድድሩ በኋላ ስንተኛ እንደወጣ፥ ምን እንደተሰበረ፥ ምን እንደተገዛ በአንዲት ገጽ ጽፎ የሚያሳይ ነጂ፥ ቢሸነፍም አይታማም። ሲቀበል ፈገግ ብሎ፥ ከተቀበለ በኋላ ግን እስከሚመጣው ዓመት የማይታይ ነጂ ሁለተኛ ጊዜ በሩን ቢያንኳኳ የሚከፍትለት አያገኝም። ደጋፊን ማግኘት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ማቆየት ግን የዓመት ሙሉ ሥራ ነው።

አራተኛው ነገር የደጋፊው ነው። የሚረዳውን ሰው በሥራው እንጂ በመልኩ፥ በዘሩና በትውልድ ቦታው አይመዝን። በዚህ ረገድ የስኮት ታሪክ ለነጋዴዎች ሁሉ ትምህርት ነው።

ውድ አንባብያን፥ ይህ ነገር የመኪና ነጂዎች ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። የትምህርት ቤት የእግር ኳስ ቡድን ማሊያ ሲፈልግ፥ የቴአትር ክበብ መድረክ ሲያሠራ፥ የበዓል መጽሔት ወደ ማተሚያ ቤት ሲላክ፥ ተማሪዎች የሚያንኳኩት የሰፈሩን ዳቦ ቤት፥ የመጻሕፍት መደብሩንና የፎቶግራፍ ቤቱን በር ነው። እነዚያ ሰዎች የሚሰጡት ትርፍ ስላላቸው ብቻ አይደለም፤ የሰፈራቸው ልጆች ከቍም ነገር ሲደርሱ ለማየት ስለሚወዱ ነው። ስለዚህ መጽሔቱ ሲታተም የመጀመሪያውን ቅጂ ይዞ በዚያው በር ተመልሶ መሄድና እጅ ነሥቶ ማስረከብ ከተማሪ የሚጠበቅ ተግባር ነው። በሚመጣው ዓመት የሚመጡት ታናናሾቻችን በሩን ክፍት ሆኖ የሚያገኙት በዚህ ዓይነት ነው።